«ቁጥር 2» ሲሉ ምን ቆጥረው ነው?

የጅሬን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ከጓደኛዬ ፍላሽ ላይ አራት ፊልም ጫንኩ። አራቱም ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት ናቸው። እስከ መጨረሻው ያየሁት አንዱን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ሳስብ አደርኩና እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ሁለተኛ ፊልም የሚገባው በመሀል ያለፈውን ጊዜ ሲቆጥር ነው። ሰው አርጅቷል፣ ሰው ሞቷል፣ ልጅ አድጓል። ይህን ካልቆጠረ ቁጥሩ ፖስተር ላይ የተሳለ ጌጥ ነው።

ተርሚኔተርን ልንገራችሁ። ልጆች ሆነን መርካቶ ቪዲዮ ቤት እንገባ ነበር። የራሳችንን የጅማን መርካቶ ማለቴ ነው። በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን። የ1991ዱን ቁጥር 2 ያየሁት ከቁጥር 1 በፊት ነው። የነበረው ካሴት እሱ ብቻ ነበር። አርኖልድ ብቅ ሲል አጨበጨብን። ለእኛ አክተሩ እሱ ነው፤ አክተር ደግሞ አይሞትም።

ከዓመታት በኋላ የ1984ቱን ሳየው ደነገጥኩ። እዚያ አርኖልድ ገዳይ ነው። ጄምስ ካሜሮን በሁለተኛው ላይ ያደረገው ያንን ፍርሃት መገልበጥ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከአበባ ሳጥን ውስጥ ጠመንጃ የሚያወጣበት ቦታ ትዝ ይላችኋል? አንደኛውን ያየ ሰው እዚያ ላይ ትንፋሹ ይቆማል፤ ፊቱ የቆመውን ልጅ ሊገድለው ነው ወይስ ሊያድነው? እኛ ግን ምንም ሳንሰጋ ነበር ያየነው። ግማሹ ፊልም አመለጠን ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ቀለጠው ብረት ሲወርድ ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። አክተር ሲሞት ያየሁት ያን ቀን ነው። ወጥተን እስከ አወቱ ድልድይ ድረስ አንድም ሰው አልተናገረም።

ቶፕ ገንም እንደዚያው ነው። አንደኛው 1986፣ ሁለተኛው 2022። 36 ዓመት። አንደኛው ላይም የተጫወተው ቫል ኪልመር በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ድምፁን አጥቶ ነበር። ፊልሙ አልደበቀውም። ኪልመር የሚጫወተው ገጸ ባሕሪም ታሟል፤ ለቶም ክሩዝ የሚመልስለት ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ነው። ኪልመር በ2025 አረፈ። ያን ትዕይንት ያለ እንባ የሚያይ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሱፐርሂሮዎቹ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። እነሱ አያረጁም። ሲደክሙ ሌላ ወጣት ይተካና ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስፓይደርማን በ2002 ሸረሪት ነከሰችው። የዚያ ሦስተኛ ክፍል በ2007 ወጣ። በ2012 ሌላ ልጅ መጣና እንደገና ተነከሰ። በመሀሉ 5 ዓመት ብቻ! የባትማን እናትና አባት በ1989 ሲገደሉ አየን፣ በ2005 አየን፣ በ2016 አየን። የእናትየው ሐብል ተበጥሶ ዕንቁው መሬት ላይ ሲበተን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሐዘን ሲደጋገም ይለመዳል። የአንድ ሕፃን ሐዘን እንደ መግቢያ ሙዚቃ መሆኑ ያናድደኛል።

ለብላክ ፓንተር ግን ክብር አለኝ። ቻድዊክ ቦዝማን በ2020፣ በ43 ዓመቱ አረፈ። ሌላ ተዋናይ ተክቶ መቀጠል ይቻል ነበር። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ግን በ2022ቱ ፊልም መጀመሪያ ላይ ንጉሡን ቀበረው። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሸኘው። እኛ ነጠላ እንዘቀዝቃለን፣ እነሱ ነጭ ለበሱ፤ ለቅሶው ያው ለቅሶ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ልምጣ። ለግዙፍ ስክሪን ተብለው የሚሠሩ ዶክመንተሪዎች አሉ፤ አይማክስ የሚባለው። ሰው ስለነሱ ብዙ አያወራም። በ1998 የወጣውን «ኤቨረስት» ያያችሁ አላችሁ? ዴቪድ ብሪሸርስና ባልደረቦቹ በ1996 ካሜራውን ተራራው ጫፍ ድረስ ተሸክመው አወጡት። ተቀንሶ ተቀንሶ እንኳን 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ጥቅል ፊልም ሲጎርስ የሚቀርጸው 90 ሴኮንድ ነው። በዚያው ወር ማዕበል ተነሥቶ ከሌሎች ቡድኖች 8 ሰው ሞተ። እነብሪሸርስ ቀረጻውን ትተው ኦክስጅናቸውን ለተረፉት ሰጡ። ጫፉ ላይ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

አብሯቸው የወጣው ጃምሊንግ የሚባል ሰው ነው። አባቱ ቴንዚንግ ኖርጌይ ይባላል፤ በ1953 ከሂላሪ ጋር መጀመሪያ ጫፉን የረገጠው። ልጁ ከ43 ዓመት በኋላ አባቱ የቆመበት ቆመ። ካየኋቸው ቁጥር 2ዎች ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ማንም ቁጥር 2 ብሎ አልጻፈበትም።

እኛ ያየነው በተውሶ ፕሮጀክተር ነው። አንሶላ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ስድስት ሆነን ቁጭ አልን። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ተራኪው ምን እንደሚል አንድ ቃል አይሰማም። ድምፁን ዘጋነው። በረዶውን፣ መሰላሉን፣ የሰዎቹን እግር ዝም ብለን አየን። አንሶላው በንፋስ ሲነፋ ተራራው አብሮ ይተነፍስ ነበር። ማንም ተነሥቶ አልሄደም።

እናንተስ? ሳይገባው ቁጥር 2 የተባለ፣ ወይም ገብቶት የተባለ ፊልም ካላችሁ ጻፉ።

ቀይ አፈር

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። በሱፐርሂሮዎቹ ግን አልስማማም።

እኔ መምህር ነኝ፣ እናትም ነኝ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የ2002ቱ ስፓይደርማን ሲወጣ እሱ የለም፣ እኔም አላገባሁም። ለእሱ ሸረሪቷ የነከሰችው ገና አሁን ነው። አንተ ሁለት ጊዜ ስላየኸው እሱ አንዴም አይየው?

አያቴ ማታ ማታ ተረት ታወራልን ነበር። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እንላለን። ጅብና ቀበሮን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። ጅቡ ሁልጊዜ ይሞኛል። አንድም ቀን «ይሄንን ሰምተነዋል» ያላት የለም። እንደውም አንድ ቃል ብትዘል «አያቴ፣ ረሳሽ!» ብለን እንጮህ ነበር። ሱፐርማን ለፈረንጆቹ ይሄው ነው። ተረት ሰዓት አይቆጥርም። አንተ ልቦለድን በምትመዝንበት ሚዛን ተረትን መዘንከው።

ሂርማታ

@ቀይ አፈር ልክ ነሽ እህቴ። በዚያ ላይ አሁን እነሱም ሰምተዋል። በ2017ቱ ስፓይደርማን ላይ ንክሻውን አላሳዩትም፣ አጎትየውም ሲሞት አይታይም። በ2022ቱ ባትማን ላይም የወላጆቹን ግድያ ዘለሉት። የ2025ቱ ሱፐርማን ደግሞ ከመሀል ነው የሚጀምረው፤ ሥራ ከጀመረ 3 ዓመት ሆኖታል፣ ገና ሲከፈት ተሸንፎ በረዶ ላይ ይወድቃል። ሱፐርማን ወድቆ ሲጀምር ደስ አለኝ።

የጅሬን ልጅ

@ቀይ አፈር የተረቱ ነገር ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጅሽን አልረሳሁም፤ በእሱ በኩል ትክክል ነሽ፣ አምኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። አያትሽ ተረቱን ስታወራ የአንቺን ስም አታስገባም ነበር? የእኔ አያት ጅቡን በጅሬን ዳገት ነበር የምታወርደው። የጎረቤታችን ፍየል ትገባለች፣ ያን ቀን የጠፋው ዶሮ ይገባል። ተረቱ ያው ነው፣ ግን ያን ቀን ማታ ለእኛ የተሠራ ነው። በ2012ቱ ፊልም ውስጥ ያንን ነው ያጣሁት። ማን እንዲሰማው እንደተነገረ አይታወቅም።

@ሂርማታ የ2025ቱን አላየሁትም። አምጣልኝ።

ቀይ አፈር

ታስገባለች። አንዴ ጅቡ የኔን ደብተር በላው። የቤት ሥራ ያልሠራሁ ቀን ነበር። እሺ፣ እዚህ ላይ ይዘኸኛል።

የድሮ ካሴት

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። መርካቶ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። የጅሬን ልጅ የጻፈው አግዳሚ የኔ ይሁን የጎረቤቴ አላውቅም፤ መጋረጃው ግን ሁላችንም ጋ ጥቁር ነበር።

ቁጥር 2 ለምን እንደሚሠራ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ውጭ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አዲስ የፊልም ስም ስጽፍ አሥር ሰው ይገባል። የሚያውቁትን ስም ጽፌ «ቁጥር 2» ስጨምርበት መቆሚያ ይጠፋል። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የማያውቀውን መግዛት ይፈራል። ሆሊውድም የሚያስበው እንደዚሁ ይመስለኛል፤ እነሱ በዶላር፣ እኛ በሳንቲም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ልናዘዝ። «ኮማንዶ ቁጥር 2» ብዬ የጻፍኩባቸው ቀናት ነበሩ። ኮማንዶ በ1985 አንዴ ተሠርቶ ቀረ፤ ቁጥር 2 የሚባል የለውም። የማሳየው የ1987ቱን ፕሬዳተር ነበር። አርኖልድ አለበት፣ ጫካ አለበት፣ ጠመንጃ አለበት፤ ማን ያውቃል ብዬ። አንድ ልጅ ሲወጣ «ልጁስ? ሴት ልጁ የት ሄደች?» አለኝ። በኮማንዶ አርኖልድ ልጁን ለማስመለስ ነው የሚዋጋው። ይሄ ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ እሷን ሲጠብቅ ነው የቆየው። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሦስት እግር

ጋሼ፣ እኔ አይቼዋለሁ ያንን «ኮማንዶ ቁጥር 2»! የእርስዎ ቤት ይሁን አይሁን አላውቅም። ለብዙ ዓመት ፊልሙ አለ ብዬ ስከራከር ነበር። እርስዎ ባይናገሩ ዛሬም እከራከር ነበር። ስለተናገሩት አመሰግናለሁ።

ስለ አይማክስ ትንሽ ልጨምር፤ የሙያዬ ጎረቤት ነው። በተራ ሲኒማ 35 ሚሊሜትር ፊልሙ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። የአይማክሱ 70 ሚሊሜትር ሲሆን ወደ ጎን ነው የሚሮጠው። አንዱ ሥዕል ብቻ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች የ15ቱን ቦታ ይይዛል። በሴኮንድ 24 ሥዕል ሲያልፍ በደቂቃ ከ100 ሜትር በላይ ፊልም ይበላል። የ40 ደቂቃ ዶክመንተሪ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ አጭር አጭር ሆነው የቆዩት፤ ክብደቱም ዋጋውም ከዚያ በላይ አያስኬድም።

ክሪስቶፈር ኖላን በ2008ቱ ዳርክ ናይት ላይ የተወሰኑ ትዕይንቶችን በዚያ ካሜራ ቀረጸ። ልቦለድ ታሪክ ያለው ትልቅ ፊልም በዚህ ካሜራ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ነበር። በ2023 የኦፐንሃይመር የአይማክስ ቅጂ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 270 ኪሎ ገደማ ክብደት ነበረው። ሁለት ኩንታል ከሰባ ኪሎ ቡና አስቡት። ስለዚህ የሱፐርሂሮና የዶክመንተሪው መንገድ ተገናኝቷል። ባትማን ያንን ጥራት ያገኘው የጠፈርና የተራራ ዶክመንተሪዎች ካሜራውን ለዓመታት ስለተሸከሙለት ነው።

ከዋሽንግተን

የጅማ ልጅ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው ያደግሁት። እዚህ ከመጣሁ ቆየሁ። ክሩን ሳነብ ልቤ ተነካ።

የአየርና ጠፈር ሙዚየም ውስጥ «ቱ ፍላይ» የሚባለውን ፊልም አይቻለሁ። በ1976 ሙዚየሙ ሲከፈት የተሠራ ነው፤ 27 ደቂቃ ነው። ሲጀምር ትንሽ ሥዕል ብቻ ነው ያለው፣ መሀል ላይ። ዙሪያው ጨለማ። በዱሮ ዘመን አንድ ሰው በባሉን ሊነሣ ነው። እኔ «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» ብዬ ማጉረምረም ጀመርኩ። ባሉኑ ከመሬት ሲለቅ ሥዕሉ ተከፈተ። ከወለል እስከ ጣሪያ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ሳላውቃቸው እጄን ያዙኝ።

ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጂም ፍሪማን ፊልሙ ከመመረቁ በፊት በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ያንን ሳውቅ እንደገና ሄጄ አየሁት። ሁለተኛው ጊዜ ሌላ ፊልም ነበር። የጅሬን ልጅ ስለ ጊዜ ያልከው እዚህም ይሠራል መሰለኝ፤ ፊልሙ አልተቀየረም፣ እኔ ነኝ የተቀየርኩት።

የአጋሮ ቡና

ማንም አላነሣውም፣ እኔ ላንሣው። ስለ ዓባይም የአይማክስ ፊልም አለ፤ በ2005 የወጣው «የናይል ምሥጢር»። ሁለት ሰዎች ከሰከላ፣ ከዓባይ መነሻ ተነሥተው እስክንድርያ ድረስ በጀልባ ወረዱ። 114 ቀን ፈጀባቸው።

የዓባይ ሸለቆ በዚያ ስፋት ሲቀረጽ ገደሉን ታያላችሁ፣ ፏፏቴውን ታያላችሁ። እኔ ያየሁት በ14 ኢንች ላፕቶፕ ነው፣ ያም ሆኖ ጀልባዋ ስትገለበጥ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ግን አንድ ነገር ልባችሁ ላይ ይደር። ዲዴሳ የሚነሣው ከኛው ከጎማ ተራሮች ነው። ወርዶ ዓባይ ውስጥ ይገባል። የአጋሮ ዝናብም በዚያ ወንዝ ውስጥ አለ። ፊልሙ ዋናውን ወንዝ ስለሚከተል የኛን በኩል አያሳይም። ሁልጊዜ ዲዴሳን ስሻገር የዚያ ፊልም ያልተቀረጸ ክፍል ይመስለኛል።

ሂርማታ

@የአጋሮ ቡና ጊቤስ ታዲያ?

የአጋሮ ቡና

ጊቤ ወደ ኦሞ ነው የሚሄደው፣ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የጅማ ዞን ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ሜዲትራኒያን፣ ግማሹ ወደ ቱርካና። ይሄን በግዙፍ ስክሪን ከላይ ሆኖ የሚያሳየን ሰው ጠፋ።

ከሚዛን የመጣሁ

እኔ ያደግሁት ሚዛን ነው፣ አሁን ጅማ እማራለሁ። ስለ ብላክ ፓንተር አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ቆይቷል።

በ2018ቱ ፊልም ላይ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ፣ ከንፈሩ ላይ ትልቅ ገል ያደረገ ሽማግሌ አለ። ከሱፉ ጋር የገሉ ቀለም አንድ ነው። መጀመሪያ ሳየው ዘለልኩ፤ «የኛዎቹ ናቸው!» አልኩ። ግን ሱርማና ሙርሲ ዘንድ ገል የምታደርገው ሴት ናት። ወንድ አያደርግም። ፊልሙ ከሴት ወስዶ ለወንድ ሰጠው። ልብሱን የነደፈችው ሩት ካርተር በዚህ ሥራ ኦስካር አግኝታለች፣ ይገባታል፣ ሥራዋን አከብራለሁ። ዋካንዳም በምናብ የተፈጠረ አገር ነው። ግን ያንን ገል ያደረገች እናት በልጅነቴ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቆሜ አይቻለሁ። ስትናገር ገሉን አውጥታ በእጇ ትይዘዋለች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትመልሰዋለች። ይሄን የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም ነበር።

የጅሬን ልጅ

@ከሚዛን የመጣሁ ይሄንን አላውቅም ነበር። ፊልሙን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሽማግሌውንም በደንብ አስታውሰዋለሁ። ከእንግዲህ ባየሁት ቁጥር የነጠላዋ ጫፍ ነው የሚታየኝ። አመሰግናለሁ።

ሁላችሁም ስትጽፉ አንድ ነገር አሰብኩ። አንድ ሰው ያንን ካሜራ ይዞ ወደኛ ጫካ ቢመጣ ምን ይቀርጻል? እኔ የቡና አበባ እላለሁ። ደረቁ ወራት አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ጫካው ሁሉ በአንዴ ነጭ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፣ ከዚያ ይረግፋል። ሽታው ግን ስክሪን ላይ አይመጣም፤ እሱ ይቆጨኛል።

ንብ አናቢዋ

አበባው ላይ እኛም አለን። ልጁ ያላየውን ልንገረው።

ቀፎው ዛፉ አናት ላይ ነው የሚሰቀለው። ባለቤቴ በገመድ ነው የሚወጣው፣ በማታ፣ በጭስ። እኔ ታች ሆኜ ገመዱን እይዛለሁ። ከታች የማየው ጭሱ ውስጥ የምትበራ ፍም ብቻ ነው። እሷ ስትንቀሳቀስ ደህና ነው እላለሁ። ስትቆም ልቤ ይቆማል። ከላይ «ያዢ!» ሲል ማሩ በገመድ ይወርዳል፣ አሁንም ይሞቃል። ጉሬዛዎቹ ከሌላው ዛፍ ላይ ነቅተው ይሰማሉ፣ አይታዩም።

ካሜራ ይዞ የሚመጣ ካለ እባካችሁ ከላይ አይቅረጽ። ታች እኔ አጠገብ ይቁምና ፍሟን ይቅረጽ።

ቀይ አፈር

እህቴ፣ ይሄንን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለልጄም አነበብኩለት። «ሰውየው ወረደ ወይ?» አለኝ።

ንብ አናቢዋ

ወርዷል በይው። እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው።

የድሮ ካሴት

ልጆች፣ አንድ ሐሳብ ልስጥ። አግዳሚዎቹ ሁለት ቀርተውልኛል፣ ጓሮ አሉ። ተርሚኔተርን በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ ብናየውስ? መጀመሪያ ቁጥር 1፣ ከዚያ ቁጥር 2። የጅሬን ልጅ ያ ያመለጠውን ግማሽ ሌላው እንዳያመልጠው። ለቀይ አፈር ልጅ ደግሞ በጊዜ ስፓይደርማን እናሳየው፤ እሱ ለሚቀጥለው ክፍል ገና ልጅ ነው። ያን ጊዜ «ኮማንዶ ቁጥር 2» ብሎ የከፈለኝ ሁሉ ይምጣ። ቡናው በኔ ነው።

ሦስት እግር

ጋሼ፣ ፕሮጀክተሩን እኔ አመጣለሁ። ዝናብ ከመጣም ትርጉሙን ከሥር የሚጽፍ ቅጂ አለኝ።

የጅሬን ልጅ

ቅዳሜ ከሰዓት እንግዲህ። አንሶላውን ዛሬ አጥባለሁ።